የበጋ አትክልትና ውሃው፦ ራታቱይ ለምን ሾርባ ይሆናል?

ለስድስት ሰው የሚበቃ ራታቱይ (የፈረንሳይ የአትክልት ወጥ) 1 ኪሎ ቲማቲም፣ 600 ግራም ደበርጃን፣ 600 ግራም ዝኩኒ፣ 500 ግራም ትልልቅ የፈረንጅ ቃሪያና 300 ግራም ሽንኩርት ይፈልጋል። ሲደመር 3 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ 2.8 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ቲማቲምና ዝኩኒ ከመቶ 95 እጅ ገደማ፣ ደበርጃንና ቃሪያ ከመቶ 92 እጅ ገደማ ውሃ ናቸው፤ ሽንኩርት እንኳን 89 ይደርሳል። ሁሉንም ከትፎ በአንድ ድስት ከድኖ የጣደ ሰው ከአርባ ደቂቃ በኋላ የሚያገኘው መልኩ የደበዘዘ፣ ቅርጹ የጠፋ፣ ከሥሩ ውሃ ያቆረ ወጥ ነው። ብዙ ሰው ያኔ ቅመም ይጨምራል። የጎደለው ግን ቅመም አይደለም፤ የበዛው ውሃ ነው።

የፈረንሳይ የበጋ ምግቦች ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም፤ አንዱ ወጥ ነው፣ አንዱ ታርት (በሊጥ ላይ የሚጋገር)፣ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ ጣፋጭ። ሁሉም የሚመልሱት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ፀሐይ ያበሰለው ፍሬ የተሸከመው ውሃ የት ይሂድ? ራታቱይ ያተነዋል፣ የቲማቲም ታርት በጨው ያስወጣዋል፣ የፒስቱ (የበሶብላና የነጭ ሽንኩርት ውቅጥ) ሾርባ ይጠቀምበታል፣ ክላፉቲ ደግሞ ፍሬው ውስጥ እንደተቆለፈ ይተወዋል። ይህን የያዘ ሰው የገበያው አትክልት ከዓመት ዓመት ቢለያይም አይቸገርም።

በጋ የምንለው የአውሮፓን በጋ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን፣ አገር ቤት ክረምት የሚሆንበትን ጊዜ። አውሮፓና አሜሪካ ለሚኖሩ የኦርቶዶክስ ምእመናን ደግሞ አንድ ጥሩ ግጥጥሞሽ አለ። የፍልሰታ ጾም የሚገባው ነሐሴ 1 ቀን፣ ልክ ቲማቲሙና ደበርጃኑ በየገበያው በሚትረፈረፍበት ሰሞን ነው። ራታቱይ ከወይራ ዘይት በቀር ስብ ስለሌለው አንዳች ሳይቀየር የጾም ምግብ ይሆናል።

ራታቱይ

አገሩ በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ የምትገኘው ኒስና አካባቢዋ ነው። ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ዝኩኒው የወጣበት የዱባ ዘር ከአሜሪካ፣ ደበርጃኑ ከእስያ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ የምናውቀው ራታቱይ እነዚህ ሁሉ አውሮፓ ከመግባታቸው በፊት ሊኖር አይችልም ነበር። ስሙ "ቱዬ" ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ማማሰል ማለት ነው። ጥሩ ራታቱይ ግን ብዙ አይማሰልም። በቀጫጭኑ ተቆርጦ በክብ ሳህን ላይ ተደርድሮ በኦቨን የሚበስለውን ብዙ ሰው ራታቱይ ይለዋል፤ ፕሮቫንስ በሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ክፍል እንዲህ ተደርድሮ የሚጋገረው ቲያን ይባላል፣ ስሙንም ያገኘው ከሚጋገርበት የሸክላ ሳህን ነው። አሠራሩ ሌላ ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት አትክልቶች ሌላ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 150 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት፣ 4 ዘንግ ጦስኝ፣ 1 የሎረል ቅጠል፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና አንድ እፍኝ ትኩስ የበሶብላ ቅጠል ያዘጋጁ። የአገር ቤት ጦስኝ የፕሮቫንሱ ዘመድ ስለሆነ ያገለግላል፤ በትንሹ ጀምረው ይቅመሱት። የአገር ቤት በሶብላ ሽታው ከዚያኛው ይለያል፣ የደረቀው ደግሞ የትኩሱን ቦታ አይሞላም። ትኩስ ካልተገኘ ሳይጨምሩ መተው ይሻላል።

መጀመሪያ ደበርጃኑ። ሳይላጥ 2 ሳንቲ ሜትር በ2 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በ9 ግራም ጨው (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል) ይታሻል፣ ማጥለያ ላይ ለ40 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው የሚደረገው ምሬቱን ለማውጣት ነው ሲባል ይሰማል፤ አሁን ገበያ ላይ ያለው ደበርጃን ብዙም አይመርም። ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው። የደበርጃን ሥጋ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ጨው ውሃውን ሲስበው ሕዋሳቱ ይላላሉ፣ የአየር ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ፤ ስለዚህ መጥበሻ ላይ የሚመጠው ዘይት ይቀንሳል። ጨው ያልነካው ደበርጃን ያፈሰሱለትን ዘይት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠጥቶ መጥበሻውን ደረቅ ያደርገዋል፣ አብሳዩም ዘይት ይደግማል፤ በኋላ ሲበስል ያንኑ ዘይት መልሶ ይተፋውና ምግቡ ላይ ይንሳፈፋል። አርባ ደቂቃው ሲያልቅ ደበርጃኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁት። ማጠብ አያስፈልግም፤ ያ ጨው የምግቡ ጨው አካል ነው፣ ኋላ ላይ ሲያጣፍጡ ያስቡበት።

ደበርጃኑ ጨው ይዞ ሲቀመጥ ቲማቲሙን ይሥሩ። ከታች በኩል በቢላ ጫፍ መስቀለኛ ምልክት ይደረግበታል፣ በፈላ ውሃ ውስጥ 20 ወይም 30 ሰከንድ ቆይቶ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባል፤ ልጣጩ በራሱ ይለቃል። ከዚያ በወርዱ ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው በወንፊት ላይ ይጨመቃል። ፍሬውን የከበበውን ዝልግልግ ነገር እንዳይጥሉት፤ ከቲማቲሙ ሥጋ ይልቅ የሚያጣፍጠው ንጥረ ነገር የሚበዛው እዚያ ነው። በማንኪያ እያሹ በወንፊቱ ያሳልፉትና ጭማቂውን ከሥጋው ጋር ያስቀምጡት። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ፍሬ ብቻ ይጣላል።

ሰፊ ድስት ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርገው የተከተፈውን ሽንኩርት በቁንጥር ጨው በረገበ እሳት ላይ ለ15 ደቂቃ ያቆዩት። ለእኛ ወጥ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለዘይት ይቁላላና ውሃው ሲመጥ ዘይት ይገባበታል፤ እዚህ ከመጀመሪያው በዘይት ነው፣ መቅላትም የለበትም። መስታወት መስሎ ሲለሰልስ በጣት ወርድ የተቆረጠው ቃሪያ ይገባል፣ ሌላ 15 ደቂቃ ይቆያል። ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል፣ ሽታው እስኪወጣ አንድ ደቂቃ ብቻ። ቲማቲሙና ጭማቂው፣ ጦስኙና ሎረሉ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የደንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አትክልትን ጠጣር የሚያደርገው በሕዋሳቱ መካከል ያለው ፔክቲን የሚባለው ማጣበቂያ ነው። ፔክቲን በሙቀት ይሟሟል፣ አሲድ ባለበት ግን መሟሟቱ ይዘገያል። ቲማቲም አሲዳማ ነው። ቃሪያው ሳይለሰልስ ቲማቲም ከገባ ቃሪያው አንድ ሰዓት ቢንተከተክም ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ እሱን ሲጠብቁ ሌላው ይፈርሳል። አዲስ አበባ ላይ የሚያበስል ሰው ጊዜውን ይበልጥ ማርዘም አለበት፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስምንቱ ዲግሪ መጉደሉ ማለስለሱን ያዘገየዋል።

ቲማቲሙ ያለ ክዳን በመለስተኛ እሳት ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይንተከተክ። መድረሱ የሚታወቀው በሰዓት ሳይሆን በማማሰያ ነው። የእንጨት ማማሰያውን በድስቱ ወለል ላይ ይሳቡት፤ የተወው መንገድ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ክፍት ሆኖ ከቆየ በቅቷል፣ ወዲያው ውሃ ከሞላው ገና ነው።

በዚሁ ጊዜ ሌላ መጥበሻ ላይ ደበርጃኑ ይጠበሳል። ጥብስ ማለት ላዩ ቡናማ መሆን ነው፣ ቡናማነት ደግሞ የሚመጣው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ውሃ ባለበት ቦታ ሙቀቱ ከ100 አያልፍም። ስለዚህ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ሳይነባበሩ በአንድ ረድፍ መደርደር አለባቸው፤ ከተደራረቡ የታችኛው የሚያወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ የላይኛውን ይቀቅለዋል። 600 ግራም ደበርጃን በ28 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ሁለት ዙር ነው። ለያንዳንዱ ዙር 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። መጥበሻው ላይ ሲያርፍ "ጭስስ" የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። ድምፁ ወደ መንተክተክ ከተለወጠ መጥበሻው ሞልቷል ማለት ነው፤ ግማሹን ያውጡ።

ዝኩኒው የመጨረሻው ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግማሽ ጨረቃ ይቆረጣል፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በጠንካራ እሳት ለ5 ደቂቃ ብቻ ይጠበሳል፣ ጨው የሚነካው ከመጥበሻ ሲወጣ ነው። ሲገዙ ከ200 ግራም ያልበለጠ፣ ጥፍር ሲነካው ቆዳው ወዲያው የሚቀደድ ይምረጡ። የገዘፈው ዝኩኒ ውስጡ ፍሬና ውሃ ብቻ ነው፤ ሌላ ካልተገኘ መሐሉን በማንኪያ ይፋቁለት።

አሁን ሁሉም ወደ ሰፊው ድስት ገብቶ በረገበ እሳት ያለ ክዳን 15 ደቂቃ አብሮ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ድስቱ ይወዘወዛል እንጂ አይማሰልም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፦ ድስቱን በሙሉ ማጥለያ ላይ ይገልብጡትና ከሥሩ ሳህን አድርገው 10 ደቂቃ ይተዉት። የሚንጠፈጠፈው ጭማቂ አንድ ብርጭቆ ሊሞላ ይችላል። ያን ጭማቂ ለብቻው በጠንካራ እሳት ወፈር ብሎ እስኪያብለጨልጭ ያፍሉትና መልሰው አትክልቱ ላይ ያፍስሱት። ጣዕሙን ሳይጥሉ ውሃውን የሚያስወግዱበት መንገድ ይህ ነው። በዚህ አንድ እርምጃ በተሠራና ባልተሠራ ራታቱይ መካከል ያለው ልዩነት ያስደንቃል።

በሶብላው ከእሳት ከወረደ በኋላ በእጅ ተቀድዶ ይነሰነሳል። ጣዕሙ ከደነዘዘ ጨው ከመጨመርዎ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ይሞክሩ። ራታቱይ በማግሥቱ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ ግን ቅዝቃዜው እስኪለቀው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል።

የቲማቲም ታርት በሰናፍጭ

እዚህ ውሃው የሚያስፈራው ከሥር ሊጥ ስላለ ነው። ለሊጡ 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 50 ሚሊ ሊትር ያህል በረዶ የመሰለ ውሃ ይበቃል። ቅቤው በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር አሸዋ እስኪመስል ይፈተጋል፣ ውሃው ይገባና ሊጡ እንደተያያዘ ማሸቱ ይቆማል። እንደ ዳቦ ሊጥ ከታሸ ይለጠጣል፣ ሲጋገርም ወደ መሐል ተሰብስቦ ጠርዙ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ካረፈ በኋላ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጥና 26 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ላይ ይነጠፋል። በሹካ ይበሳሳል፣ ወረቀት ተደርጎበት ደረቅ ቦሎቄ ይሞላበታል፣ በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ቦሎቄው ከወጣ በኋላ ሌላ 6 ደቂቃ ባዶውን ይጋገራል።

600 ግራም ቲማቲም በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው ማጥለያ ላይ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ በጨርቅ ይድረቅ። በሊጡ ላይ መጀመሪያ 2 የሾርባ ማንኪያ የዲዦን ሰናፍጭ ይቀባል፣ ቀጥሎ 100 ግራም የተፈቀፈቀ ግሩየር ቺዝ ይነሰነሳል፣ ቲማቲሙ ከላይ ይደረደራል። ቺዙ ሲቀልጥ በሊጡና በቲማቲሙ መካከል እንደ አጥር ይቆማል። ሰናፍጩ አይብዛ ብለው አይስጉ፤ ኦቨን ውስጥ ማቃጠሉ ይጠፋና መዓዛው ብቻ ይቀራል። በ190 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገራል። ሲወጣ ሽቦ ላይ ይቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ እንፋሎቱ ከሥር ይታፈንና የደከሙበት ሊጥ ይረጥባል።

ቲማቲም ከገበያ ሲመጣ ማቀዝቀዣ አይግባ። ከ12 ዲግሪ በታች መዓዛ የሚሠራው የፍሬው ክፍል ሥራውን ያቆማል፤ ቲማቲሙ ቀይ እንደሆነ ይቆያል፣ ሽታው ግን ይሄዳል።

የፒስቱ ሾርባ

ይህም የፕሮቫንስ ነው፣ ከአራቱም ቀላሉ። 200 ግራም ነጭ ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በ2 ሊትር አዲስ ውሃ ይቀቀላል። ቦሎቄው ሊለሰልስ ሲቃረብ ሽንኩርት፣ 2 ካሮትና 2 ድንች በትናንሹ ተከትፈው ይገባሉ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 200 ግራም ፎሶሊያና 2 ዝኩኒ፣ ከዚያም 80 ግራም ደቃቅ ፓስታ። ሁለቱ የተላጡ ቲማቲሞች የሚገቡት ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ነው፤ ምክንያቱ ከላይ የተነገረው አሲድ ነው፣ ቦሎቄን ደግሞ ከቃሪያ ይብስበታል።

ሾርባውን ሾርባ የሚያደርገው ፒስቱው ነው። 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከቁንጥር ጨው ጋር በሙቀጫ ይወቀጣል፣ 50 ግራም የበሶብላ ቅጠል ጥቂት በጥቂት እየገባ ይላማል፣ 80 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት በቀጭኑ ይፈስበታል። ከፈለጉ 60 ግራም ፓርሜዛን ቺዝ ይጨምሩ፣ በጾም ያለሱ። ከጣሊያኑ የጄኖቫ ፔስቶ የሚለየው የጥድ ፍሬ ስለሌለው ነው። ፒስቱ አይፈላም። እሳት ከነካው ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ሽታውም ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ስለዚህ በየሳህኑ አንድ ማንኪያ ይደረጋል፣ የሚያማስለው ተመጋቢው ራሱ ነው።

ክላፉቲ

ክላፉቲ ከማዕከላዊ ፈረንሳይ፣ ከሊሙዛን የመጣ የቼሪ ጣፋጭ ነው። በባህሉ ጥቁር ቼሪ ከነፍሬው ይገባል። እንግዳ ነገር ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። ፍሬው ያልወጣለት ቼሪ ቆዳው ስላልተቀደደ ጭማቂው እዚያው ይቀራል፣ ሲነከስ ነው የሚፈሰው፤ ፍሬውም ሲሞቅ የአልሞንድ የሚመስል መዓዛ ይሰጣል። ፍሬው የወጣለት ቼሪ ጭማቂውን ሊጡ ላይ ይለቅቃል፣ ዙሪያውም ሐምራዊና ጭቃ መሰል ሆኖ አልበስል ይላል።

26 ሳንቲ ሜትር የሸክላ ወይም የመስታወት ሳህን በቅቤ ተቀብቶ ስኳር ይነሰነስበታል። 600 ግራም ቼሪ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይደረደራል። 80 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው ይደባለቃሉ፤ 3 እንቁላል አንድ በአንድ ይገባል፣ ከዚያ 250 ሚሊ ሊትር ወተትና 30 ግራም የቀለጠ ቅቤ። ወተቱ ከእንቁላሉ በፊት ከገባ ዱቄቱ ይጓጉላል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያርፍ፣ ዱቄቱ ውሃ ይጠጣ፤ ያላረፈ ክላፉቲ ጥሬ ዱቄት ይሸታል። በ180 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ይጋገራል። ጠርዙ ወርቃማ ሆኖ መሐሉ ሲነቀነቅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ደርሷል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ከጠበቁት እንቁላሉ ይቋጠርና ውሃ ያወጣል።

ቼሪው ካለፈ ኮክ ወይም ፕሪም ይሆናል፤ ስሙ ያኔ ፍሎኛርድ ይባላል። እነዚህ መቆረጣቸው ስለማይቀር ለሁለት ተከፍለው በ2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር 20 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ያወጡት ጭማቂ ይጥለል፣ ወተቱም ወደ 220 ሚሊ ሊትር ዝቅ ይበል።

ከኦቨን ሲወጣ አብጦ ይታያል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ የተበላሸ ነገር የለም፣ ከፍ ያደረገው እንፋሎት ወጥቶ ነው። ለብ ሲል ይቁረጡት። ቼሪውን ከነፍሬው ከሠሩት ለተመጋቢው ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ፣ ፍሬው ይተፋል እንጂ አይታኘክም። ለትንንሽ ልጆች የሚሆነውን ግን ፍሬውን አውጥተው፣ ሊጡ ላይ ከማድረግዎ በፊት ቼሪውን በ1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ለውሰው ለብቻው በትንሽ ሳህን ይጋግሩት።